የመክሰሱ ደብተር

በሳን ፌርሚን ከተማ የነበረው የሬዲዮ ጣቢያችን ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ ነበር። ደረጃው የእንጨት ስለ ነበረ የሚወጣውን ሰው ገና ሳናየው በእርምጃው እናውቀዋለን። የሩዝ ወፍጮው ባለቤት ሲወጣ ደረጃው ያቃስታል፤ ኢንጂነር ማክሲሞ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል። ማናንግ ኦስያንግ ግን ነጠላ ጫማቸውን ከታች አውልቀው፣ በእጃቸው ይዘው ስለሚወጡ ኮቴ አልነበራቸውም። እሳቸውን የምናውቃቸው በጠረናቸው ነበር። የዓሣ ቋንጣ ሽታ በሩ ሳይከፈት ቀድሟቸው ይገባል።

እኔ በዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ የማይክሮፎኖቹን ድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረግና ማስታወቂያ በሰዓቱ ማስገባት ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ስንት ሰው ተቀምጦ እንደ ተነሣ ቁጥሩን አላውቀውም፤ የብዙዎቹ መልክ ከዕድሜዬ ጋር እየደበዘዘ ሄዷል። የማናንግ ኦስያንግ መልክ ግን አልደበዘዘም። እንዲያውም ከሁሉም ያነሰ ያየሁት ፊታቸውን ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ «የቅዳሜ ጠረጴዛ» የሚባል ውይይት ነበረን። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ሬዲዮውን የሚያዳምጠው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረም፣ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያው ተነሥታችሁ እስከ ባሕሩ ዳር ብትሄዱ ውይይቱ አያመልጣችሁም፤ አንዱ ቤት የተጀመረው ዓረፍተ ነገር ሌላው ቤት ደጃፍ ላይ ያልቅ ነበር። ስለ ጨው ዋጋ፣ ስለ በረዶ ፋብሪካው፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ተሠርቶ ስለማያልቀው መንገድ ይወራል። አወያዩ ማኖንግ ቴርዮ ነበሩ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ረጅም፣ እጃቸው ደግሞ እንደ ዘፈን መሪ እጅ ተናጋሪ። ሁለት ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ካሳረፉ «ማስታወቂያ አስገባ» ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ማይክሮፎኖቹን ዘግቼ የሳሙናውን ዘፈን እለቅቃለሁ። ይህን ምልክት ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ማናንግ ኦስያንግ ወደዚህ ጠረጴዛ የመጡት ሳይጠሩ ነው። አንድ ቅዳሜ አራቱ ወንዶች ስለ ጨው ዋጋ ሲከራከሩ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት አንዲት ቀጭን ሴት ቅርጫት በጎናቸው ታቅፈው ቆመዋል።

«ይቅርታ፣» አሉ፤ «እየሄድኩ ስሰማችሁ ነበር። የምትሉት የጨው ዋጋ እኮ ያምናው ነው።»

ማኖንግ ቴርዮ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁም፣ ሴትዮዋ ያሉትም በአየር ላይ ወጣ። «ኢንሶ፣ ወንበር አምጣ!» አሉኝ። ወንበር የሚባል ስላልነበረ የራሴን በርጩማ አስገባሁላቸው። ክፍሉ ጠባብ ነውና በርጩማው የገባው ጀርባው ለመስታወቱ ሆኖ ነው። በዚያው ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ተቀመጡ፤ አሥራ አንድ ዓመትም ያየሁት ጀርባቸውን፣ የተጎነጎነ ጸጉራቸውንና በፀሐይ የጠቆረ ማጅራታቸውን ነው። በእኔ ራስ ትይዩ የተሰቀለችው፣ አየር ላይ ስንሆን የምትበራው ቀይ አምፑልም ከጀርባቸው ነበረች።

ዋናው ስማቸው ኮንሶርሲያ ነው። እንደ ታላቅ እህታችን ናቸውና ሁላችንም ማናንግ እንላቸዋለን፤ ታላቅ ወንድም ሲሆን ማኖንግ ነው፤ እሳቸውም ታናናሾቻቸውን ወንዶች ሁሉ «ኖይ» ይላሉ። ማንጎሪስ በምትባለው የባሕር ዳር ሰፈር ዓሣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ አድርቀው ይሸጡ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ጭቃው ላይ ወርደው ዛጎል ይለቅማሉ። ሰፈሩ የሚኖረው በዚያች ባሕሩ በሚሸሽበትና በሚመለስበት መሬት ነው፤ ጀልባው የሚጎተተው፣ መረቡ የሚጠገነው፣ ዓሣው የሚሰጣው እዚያው ላይ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ሲናገሩ የሚያምር ቃል አይፈልጉም ነበር።

«መንገዱ አስፋልት ቢሆን ዓሣችሁ በሁለት ሰዓት ትልቁ ከተማ ይደርሳል፣» አላቸው አንድ ጊዜ የወፍጮው ባለቤት።

«በረዶ የለንማ! ያለፈው ሳምንት የላክሁት ዓሣ እኮ ከመኪናው ቀድሞ ሽታው ደርሶ ገበያተኛውን በተነው።»

«ማናንግ፣ እኛ የምንናገረው በጥናት ነው፣» አለ ኢንጂነር ማክሲሞ። ከማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ነበር፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክርቢቶ።

«ያጠናው ሰውዬ ጭቃ ነክቶት ያውቃል?»

«መነጽር ያደርጋል።»

«እንግዲያ ጭቃው መነጽሩን ይነካዋል ብለን እንጠብቅ።»

ሰኞ ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ይህን እየተቀባበለ ይስቃል። የማንጎሪስ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄደው በእሳቸው ነበር። «ኦስያንጋችን አፋቸውን አስያዘቻቸው» ይላሉ። እኔም ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ፣ እሳቸው ሊናገሩ ትከሻቸውን ሲሰብቁ ገና፣ የማይክሮፎናቸውን ድምፅ ትንሽ ከፍ አደርገው ነበር። ማንም አላዘዘኝም።

አሁን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ።

ሬዲዮው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከፎቁ ወርዶ፣ በየሰፈሩ ባለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጣራ ሥር ውይይት ያደርግ ነበር። ወጪውን የቻለው ድርጅት መክሰስ ያቀርባል፤ በእንቁላል የተሞላ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። ያለ መክሰስ ስብሰባ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የለም። መጀመሪያ ላይ ዳቦው ሁልጊዜ ይጎድል ነበር፤ አንዱ ባርኔጣ አድርጎ አንዴ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሌላ ጊዜ ይሰለፋል። ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያዩት ማናንግ ኦስያንግ አንድ ቀን ተቆጡ።

«ደብተር አምጡልኝ! ስሙን ያልጻፈና ያልፈረመ አይበላም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየስብሰባው ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተራቸውን ይዘው ከዳቦው ቅርጫት አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ትምህርታቸው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈታቸው ግን የዱሮ ትምህርት ቤት ጽሕፈት፣ እንደ ጥልፍ የተያያዘ። መጻፍ ለማይችለው እሳቸው ይጽፉና ሰውዬው አጠገቡ መስመር ይጭራል። አንድ ሕግም ነበራቸው፤ ባሏ ባሕር ላይ ያለ ሴት በባሏ ስም ፈርማ ድርሻውን ትወስዳለች፤ ያልመጣ ሌላ ሰው ግን፣ ታማሚም ቢሆን፣ አይቆጠርም። «ለታመመ ሁሉ ብንፈርም ማታውኑ ሰፈሩ በሙሉ ይታመማል» ይሉ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ማኖንግ ቴርዮ ደብተሩን ወስደው መክሰሱን ለከፈለው ድርጅት ያሳያሉ፤ ዳቦው በእርግጥ ለሰው መድረሱ ይታወቅ ዘንድ ነው። በሳምንቱ ይመልሱታል።

ለዳቦ ስም መጻፍ ለእኛ እጅ እንደ መታጠብ ነበር። በገጹ ራስ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ማንም አያይም፤ ምንም ተጽፎበትም አያውቅም ነበርና።

የማናንግ ኦስያንግ ባል ፕሩደንሲዮ ይባላል። አንድ የኅዳር ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ የሞት ወረቀት ሰጣቸው። ባልቴቷ አማታቸው ግን አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል፤ ልጃቸው መሞቱን የነገራቸው የለም። እንቁላል ያለበት ዳቦ ይወዱ ነበር። ስለዚህ ማናንግ ኦስያንግ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር በመጨረሻው መስመር ላይ «ፕሩደንሲዮ» ብለው ይጽፋሉ፤ ዳቦውን ለአማታቸው ይወስዱና «ልጅዎ ልኮልዎት ነው» ይላሉ። በገዛ ሕጋቸው ባሕር ላይ ላለ ባል ይፈረማል። እሱ ደግሞ ከባሕር አልተመለሰም። ይህን ሰፈሩ ያውቃል፤ ሁሉም እያየ ዝም ይላል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሬዲዮው ወደ ማንጎሪስ ወረደ። የውይይቱ ርዕስ «ወደቡ ምን ይዞልን ይመጣል?» የሚል ነበር። አንድ ኩባንያ የባሕሩን ዳር በአፈርና በድንጋይ ሞልቶ ወደብ ሊሠራ አስቧል ተባለ። መክሰሱንም የቻለው እሱ ነው፤ ያን ቀን ዳቦው ውስጥ ከእንቁላሉ ጋር ካም የሚባለው የአሳማ ሥጋ ነበረበት።

ኢንጂነር ማክሲሞ ሥራ ይከፈታል አለ፣ የወፍጮው ባለቤት ገበያ ይመጣል አለ። ማናንግ ኦስያንግ ማይክሮፎኑን ተቀብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ጀልባችንን የት ነው የምንጎትተው?»

«ይህ ወደፊት በዝርዝር ይታያል፣» አለ ኢንጂነሩ።

«ሳይታይ እንዳይሞላ።»

ሰው አጨበጨበ፣ ሳቀ፣ ተነሥቶ ተሰለፈ። ጎረቤታቸው ባሲሊያ ተራዋ ሲደርስ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ኦስያንግ፣ የኔን ሁለት አድርጊው፤ ባሌ ባሕር ላይ ነው።»

«ባልሽማ ያው ከኋላሽ ቆሞ ጢሙን ያካል!»

«እሱ መንትያው ነው።»

«እንግዲያ መንትያው ይፈርም፤ አንቺ ዘወር በይ!»

ሳቁ ጣራውን አናጋው። ባሲሊያ እየሳቀች ስሟን ጻፈች፤ ባሏም ጻፈ። ሰልፉ ሲያልቅ ማናንግ ኦስያንግ እስክርቢቶውን ከፍ አድርገው ለአፍታ ቆዩና የመጨረሻውን ስም ጻፉ። ባሲሊያ አየች። ዳቦውንም ራሷ ከቅርጫቱ አንሥታ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ነበር። ማኖንግ ቴርዮ ደብተሩን ወሰዱ።

በሳምንቱ አልተመለሰም። በሁለተኛውም ሳምንት አልተመለሰም። በሁለተኛው ወር ግን ባሕሩ ሲሸሽ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ካስማዎች ጭቃው ላይ ተተክለው ተገኙ። ሴቶቹ ዛጎል ሊለቅሙ ወርደው «ይሄ ምንድን ነው?» ቢሏቸው፣ የሚተክሉት ሰዎች «ፈርማችኋል እኮ» አሏቸው።

ማናንግ ኦስያንግ በነጋታው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ሕጉ ባሕር ከመሞላቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ይጠየቅ ስለሚል ማስረጃው በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ማስረጃውም የደብተራቸው ገጾች ግልባጭ ነው። የራሳቸው ጽሕፈት፣ እንደ ጥልፍ የተያያዘው። በገጾቹ ራስ ላይ ብቻ በታይፕ የተመታ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «በሕዝባዊው ውይይት ተገኝተው ለወደቡ ሥራ የተስማሙ ነዋሪዎች።»

ይህን የነገሩኝ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ደረጃው ላይ ነው። ከወትሮው ቀድመው መጥተው ነበር። ፊታቸውን በደንብ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ዓይናቸው ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ኖይ ኢንሶ፣ ዛሬ ድምፄን ጥሩ አድርገህ አውጣልኝ።»

«ምን ሊሉ ነው ማናንግ?»

በቦርሳቸው ያለውን የተጣጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። የፕሩደንሲዮ የሞት ወረቀት ነው። «ሬሳ ፈርሟል ልላቸው ነው። ሬሳ የፈረመበት ወረቀት ይጸናል? ማኅተሙ የራሳቸው ነው፤ ውሸት ነው ሊሉኝ አይችሉም። ሰዉ ሁሉ ይስማ። ማፈሩን እኔ ልፈር።»

«አማትዎስ? ቤት ውስጥ ሬዲዮ…»

«ባሲሊያ ቤት ወስጃቸዋለሁ። ሬዲዮውን እንዳትከፍትባቸው ነግሬያታለሁ።» ትንሽ አሰቡና «ሌላ ቤት ሄዳ ታዳምጣለች እንጂ እሷ መች ይቀርባታል፣» ብለው ፈገግ አሉ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። የዕለቱ ርዕስ የሽንኩርት ዋጋ ነበር። ኢንጂነር ማክሲሞም፣ የወፍጮው ባለቤትም ተቀምጠዋል። ማኖንግ ቴርዮ ሰላምታቸውን ጨርሰው «ማናንግ ኦስያንግ፣ ሽንኩርት ዘንድሮ የሚያስለቅሰው ሳይከተፍ ነው አይደል?» አሉ።

«ስለ ሽንኩርት አላወራም ማኖንግ ቴርዮ።» ድምፃቸው ጠራ ያለ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። «የማንጎሪስ ሰዎች፣ ስሙኝ። ባሕራችን የሚሞላው ስማችሁ የተጻፈበት ደብተር ስላለ ነው። ያን ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ። ስሞቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። በውሸትም የጻፍኩት…»

የማኖንግ ቴርዮ ሁለት ጣት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ።

ሰው ብዙ ጊዜ ይጠይቀኛል፤ አሰብህበት ወይ ይለኛል። አላሰብሁበትም። አሥራ አምስት ዓመት ያን ጣት ስታዘዝ ኖሬ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ማይክሮፎኖቹን ዘጋሁ፤ የሳሙናውን ዘፈን ለቀቅሁ። ራሴ ላይ ያለችው ቀይ አምፑል ጠፋች። መልሼ ልከፍተው እችል ነበር፤ ዘፈኑ አንድ ደቂቃ ነው፣ ከዚያም ሌላ ማስታወቂያ ነበረ፣ ከዚያም ሌላ። እነዚያን ያስገባሁት ግን አስቤበት ነው። የወደቡ ኩባንያ ስም በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እያየሁ፣ የሦስት ልጆቼን ትምህርት ቤት እያሰብሁ አስገባኋቸው።

ማናንግ ኦስያንግ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። አምፑሏን አያዩም። ማንም ምንም አላላቸውም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለሦስት ሰውና ለእኔ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ስሞቹ የዳቦ ስሞች እንጂ የስምምነት እንዳልሆኑ ተናገሩ። ባላቸው ባሕር ውስጥ ቀርቶ ሳለ እንደ ፈረመ፣ የፈረሙለትም እሳቸው እንደ ሆኑ፣ ለማን ብለው እንዳደረጉት ተናገሩ። የሞት ወረቀቱን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ማይክሮፎኖቹ የተዘጉት ለአየር ብቻ ነውና በእኔ በኩል በትንሿ ማዳመጫ ሁሉም ይሰማኛል፤ በከተማው ሁሉ ደግሞ ሳሙናው አረፋ ያወጣ ነበር።

ሲጨርሱ ማኖንግ ቴርዮ ጠረጴዛውን ያያሉ። ኢንጂነር ማክሲሞ ወረቀቱን አንሥቶ ማኅተሙን ተመለከተ። ከሻንጣው የስም ዝርዝሩን ግልባጭ አወጣ፤ ከኪሱ እስክርቢቶ መዘዘ፤ የማስታወሻ ደብተሩን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ አስደግፎ በመጨረሻው ስም ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ።

«ልክ ነዎት ማናንግ። ሐዘንዎን እንካፈላለን።» ታች ያለውን ድምር ሰርዞ አዲስ ቁጥር ጻፈ። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።»

«በቃ?» አሉ ማናንግ ኦስያንግ።

«በቃ። ከመቶ በላይ ከሆነ ይበቃል።»

ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ። ከክፍሉ ሲወጡ በእኔ በኩል አለፉ። ፊታቸው ላይ አንድ የተረፈ ተስፋ ነበረ።

«እነሱስ ይሰርዙ፣» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዉ ግን ሰምቷል። ሰምተዋል አይደል ኖይ?»

«ሰምተዋል ማናንግ፣» አልኋቸው።

ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

የማንጎሪስ ሰው የሰማው «በውሸትም የጻፍኩት» እስከሚለው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሳሙና ዘፈን፣ የአኩሪ አተር ስጎ፣ የጸጉር ቅባት፤ ቀጥሎም ማኖንግ ቴርዮ ስለ ሽንኩርት። ማናንግ ኦስያንግ ሰፈራቸው ሲደርሱ የቀርከሃ ርብራባቸው ተገልብጦ፣ ዓሣው አሸዋ ላይ ተበትኖ አገኙት። ደጃፋቸው ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች «ስንት ዳቦ ሰጡሽ?» ነበር ያሏቸው። እሳቸውም ሊያስረዱ ሞከሩ። «ለሬዲዮ ተናዘሽ ስታበቂ ለእኛ ትክጃለሽ?» አሏቸው። በዚያን ዘመን ሰው በሬዲዮ የወጣን ነገር በአፉ ሊያስተባብለው አይችልም ነበር። ባሲሊያ የፕሩደንሲዮን ስም ነገር ታውቃለች። ግን ያ የተቆረጠ ንግግር ስንቱን ስም እንደሚያጠቃልል እሷም አላወቀችም፤ ብታውቅም በሕዝቡ ፊት ለመናገር የሚበቃ ጉልበት አልነበራት ይሆናል። አማታቸውን በሁለት ሰው አስይዛ መለሰችላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላነጋገረቻቸውም። ባልቴቷም በዚያው ዓመት ልጃቸውን እየጠሩ ሞቱ።

እኔ ደረጃውን ወርጄ፣ ማንጎሪስ ሄጄ፣ «ማይክሮፎኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። በብስክሌት ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማዬን ከጠረጴዛው ዘንድ አውጥቼ ወደ ቦታዋ መለስኋት። ጠረኑ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም።

ባሕሩ በአሥራ አራት ወር ተሞላ። ወደቡ አጥር አለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። የማንጎሪስ ጀልባዎች የሚጎተቱበት ቦታ በዝርዝር ሳይታይ ቀረ፤ ገሚሶቹ ተሸጡ፣ ገሚሶቹ ቤት ኋላ ዶሮ አሳደሩ። ማኖንግ ቴርዮ ለምክር ቤት ተወዳድረው አለፉ። ማናንግ ኦስያንግ ገበያ ጥግ ላይ የሌላ ሰው ዓሣ እየመዘኑ ይሸጡ ነበር ሲባል ሰማሁ። ቅዳሜ ከቤት እንደማይወጡም ሰማሁ፤ ቅዳሜ የትም ብትሄዱ ውይይቱ ይሰማል።

ያገኘኋቸው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ትልቅ አውሎ ነፋስ መጥቶ የባሕር ዳሩን ጣራ ሁሉ ወስዶት ነበር። የእርዳታ ሩዝ በዚያው በማንጎሪስ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲታደል ጣቢያው በቀጥታ እንዳስተላልፍ ላከኝ። ጣራው ግማሹ የለም። ከሩዙ ክምር አጠገብ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ዝርዝር ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰዉ እየጻፈ፣ እየፈረመ፣ ከረጢቱን ያስሞላል። ማናንግ ኦስያንግ ባዶ ከረጢት ይዘው ተራቸው ደረሰ። አርጅተዋል፤ ጉንጉናቸው ነጥቷል።

«ስም?» አለ ጸሐፊው።

«ሩዙን ስጠኝ፤ ስሜን ተወው።»

«ሳይፈረም አይሰጥም እናቴ። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን አውቀዋለሁ።» ከሰልፉ ወጡ።

መሣሪያዬን አስቀምጬ ተከተልኋቸው። «ማናንግ፣ እኔ ልፈርምልዎት።»

ዞር ብለው አዩኝ። ወዲያው ነው ያወቁኝ። «በማን ስም?»

«በእርስዎ።»

«የኔ ስም ተፈርሞ አልቋል ኖይ።»

ያን ጊዜ ነው ስድስት ዓመት የተሸከምሁት የወጣኝ። «ማናንግ፣ ያን ዕለት እኮ እኔ…»

«የሳሙናውን ዘፈን ነው የምትለኝ?» አሉ በእርጋታ። «ያኔውኑ ነገሩኝ። ቤቴ ሳልደርስ ልጆቹ እየዘፈኑልኝ ነበር።»

«እና ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?»

ከረጢታቸውን በጥንቃቄ ሁለት ጊዜ አጠፉት።

«ስወጣ ጠይቄህ ነበር እኮ፣» አሉ።

ከረጢቱን በብብታቸው አድርገው በወደቡ አጥር ጥግ ጥግ ሄዱ። ጫማቸው በእግራቸው ነበር፤ ኮቴያቸውን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላዬ ጸሐፊው «ቀጣይ! ስም?» ሲል ሰማሁት። ባሲሊያ ነበረች። ስሟን ጻፈች።

«ባልሽስ?»

«ባሕር ላይ ነው፣» አለች።

ባሏ ጀልባውን ከሸጠ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያያት ጻፈው።